ባለ ሁለት መቀነቷ



ዛሬ ስለ አስማእ ቢንት አቢበክር (ረ.ዐ) እናወጋለን። ስሟን ያልሰማ በመካከላችሁ ብዙ ያለ አይመስለኝም። መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ ወደ ሠውር ዋሻ ስንቅ ያቀረበችውን ወጣት ያውቃታል። ታሪኳ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ዋሻው ደጃፍ ላይ ይቆማል። እኔ ልነግራችሁ የፈለግኩት በዚያ ሰሞን የወጣላት አንድ የሙገሳ ስም ከሰባ ዓመት በኋላ ምን እንደሠራላት ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ነገ ኢንሻአላህ የሚኖራችሁ፣ ታናሽ እህት የምታሳድጉ፣ ወይም ራሳችሁ የአንድ ቤት ሴት ልጅ የሆናችሁ ሁሉ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

አስማእ የተወለደችው ከሂጅራ 27 ዓመት ገደማ በፊት መካ ውስጥ ነው። አባቷ አቡበክር ሲዲቅ (ረ.ዐ)፣ እናቷ ቁተይላ ቢንት ዐብዱልዑዛ ናቸው። ሁለቱ የተፋቱት ገና እስልምና ሳይመጣ ስለሆነ አስማእ አባትና እናቷ የተለያዩባት ልጅ ናት። የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ) የአባት ልጅ እህት ስትሆን በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ትበልጣታለች። እስልምናን የተቀበለችው ከ17 ሰዎች በኋላ እንደሆነ የሲራ ጸሐፊው ኢብን ኢስሐቅ ጽፏል።

በስም እንዳትሳሳቱ፤ ከባሏ ከጃዕፈር ጋር ወደ ሀገራችን ወደ ሐበሻ የተሰደደችው አስማእ ቢንት ዑመይስ ሌላ ናት። እሷም ጃዕፈር ሙእታ ላይ ሸሂድ ከሆነ በኋላ አቡበክርን አግብታለች፤ ስለዚህ የኛዋ አስማእ ሞክሼ የእንጀራ እናት ነበረቻት። የኛዋ ከሐበሻ ጋር ያላት ግንኙነት በባሏ በዙበይር ኢብኑል ዐዋም በኩል ነው። ዙበይር ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ ነበር። ናጃሺ ከተነሳበት ባላንጣ ጋር ሲዋጋ፣ የውጊያውን ወሬ ለወገኖቹ ለማምጣት በተነፋ ስልቻ ወንዙን በዋና የተሻገረው ወጣት እሱ ነው።

አሁን ወደ 622 እንሂድ፤ መካ፣ የአቡበክር ቤት።

ሐሩሩ በበረታበት የቀትር ሰዓት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደዚያ ቤት መጡ። በዚያ ሰዓት መምጣት ልማዳቸው አልነበረም። የሚናገሩት ምስጢር ስለነበረ እቤት ውስጥ ያለው ሰው እንዲወጣ ጠየቁ። አቡበክር ግን ያሉት ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ብቻ እንደሆኑ ነገሯቸው። ልጆቹም አልወጡም። የሂጅራው ፈቃድ የተነገረው አስማእና ዓኢሻ እየሰሙ ነው። ቁረይሾች ያንን ምስጢር ለሚደርስበት ሰው ኋላ ላይ 100 ግመል ሽልማት አቅርበዋል።

እኔ ይህችን ቅጽበት በጣም እወዳታለሁ። ብዙ ቤቶች ውስጥ ቁም ነገር ሲነሳ ሴቶቹ ልጆች ወደ ጓዳ ይላካሉ። አቡበክር ግን ልጆቻቸውን በአፋቸው አላወደሱም፤ እንዲቀመጡ ተዉአቸው እንጂ። አንዲት ልጅ አባቷ እንደሚያምናት የምታውቀው እምነት የሚጠይቅ ነገር ፊቷ ላይ ሲነገር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሙገሳ መሠረት ያለው ይሆናል።

ነቢዩና አቡበክር ከመካ በስተደቡብ ባለው በሠውር ተራራ ዋሻ ውስጥ ሦስት ሌሊት ተደበቁ። ሥራው በቤተሰቡ ተከፋፈለ። የአስማእ ወንድም ዐብዱላህ ቀን ቀን ቁረይሾች መካከል እየዋለ ማታ ወሬ ያደርሳል። ዓሚር ኢብን ፉሀይራ በጎቹን ወደዚያው እየነዳ ወተት ያቀርባል። ስንቁ የአስማእ ድርሻ ነበር።

ሰሒሕ አል ቡኻሪ ውስጥ ራሷ እንደተረከችው፣ ስንቁንና የውሃውን ስልቻ አዘጋጅታ ስትጨርስ የምታስርበት ነገር አጣች። ከወገቧ መቀነት በቀር ምንም እንደሌላት ለአባቷ ነገረች። አባቷም ለሁለት እንድትሰነጥቀው፣ በአንዱ ስልቻውን፣ በሌላው ስንቁን እንድታስር ነገሯት። እንዳሉትም አደረገች። ከዚያ ወዲህ ዛቱ ኒጧቀይን ተባለች፤ ባለ ሁለት መቀነቷ ማለት ነው። በሌላ ዘገባ ደግሞ ነገሩ የሆነው በዋሻው ደጃፍ፣ ግመሎቹ ሊነሱ ሲሉ ነው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በዚያ መቀነት ፈንታ በጀነት ሁለት መቀነት እንደሚሰጣት አብሥረዋታል።

መቀነት ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። አያቶቻችን ወገባቸውን ጠበቅ የሚያደርጉበት፣ ሥራ ሲከብድ የሚታጠቁት፣ ሳንቲማቸውን ጫፉ ላይ የሚቋጥሩት ጨርቅ ነው። የአረብ ሴቶችም ለሥራ ሲነሱ ይታጠቁት ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስሙን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት። በውበቷ የወጣ ስም አይደለም። ብልኋ አልተባለችም፤ ጨዋዋም አልተባለችም። ስሙ የሚናገረው አንድ ቀን በእጇ ያደረገችውን ነገር ነው። ገመድ ጠፋ፤ መቀነቷን ፈታች፣ ቀደደች፣ አሰረች። ውበቷን የሚያወሳ ስም ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ይወስደው ነበር። ብልህነቷን የሚያወሳ ቢሆን ደግሞ በተሳሳተች ቀን ስሙ ከእሷ ጋር ይጣላ ነበር። የተሠራ ሥራ ግን አንዴ ተሠርቷል፤ ማንም ተመልሶ ሊያፈርሰው አይችልም።

እስቲ እኛ ሴት ልጆቻችንን በምን እንደምናሞግስ አስቡት። ቆንጆ፣ ልዕልት፣ ዝምተኛ፣ አንገቷን የደፋች፣ ድምጿ የማይሰማ። እንግዳ ሲመጣ ከአፋችን የሚወጣው ይህ ነው። ወንድሟ ግን የተበላሸ መብራት ሲያስተካክል ምን እንደነካ፣ የቱን ሽቦ እንደቀጠለ ሳይቀር ለጎረቤት ይተረክለታል። ይህ የኛ ሀገር ጠባይ ብቻ አይደለም። ቺካጎ አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ 53 ሕፃናት ገና ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ቤታቸው ውስጥ ከወላጆቻቸው ጋር ሲውሉ በቪዲዮ ቀርጾ ተመልክቷል። ወላጆቹ ወንዶቹንም ሴቶቹንም ያሞገሱት በእኩል መጠን ነበር። ለወንዶቹ ከተነገረው ሙገሳ ሩብ የሚጠጋው ግን ስለ ጥረታቸውና ስለ አሠራራቸው ሲሆን፣ ለሴቶቹ ከተነገረው ውስጥ እንዲህ ያለው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ልጆቹ እንደገና ሲጠየቁ፣ በጥረታቸው የተሞገሱት ከባድ ነገር መሞከርን የሚወዱ፣ ሰው በጥረቱ ሊሻሻል ይችላል የሚሉ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ የጀመረው ልጆቹ ዓረፍተ ነገር መመሥረት እንኳ ሳይችሉ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ሙገሳ በዲናችን የተጠላ አይደለም ወይ ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው ሌላውን ፊት ለፊት ሲያወድስ ሰምተው የባልንጀራውን አንገት እንደቆረጠ ነግረውታል። ማሞገሱ ግድ ከሆነም የሚያስበውን ብቻ እንዲናገርና የሰውየውን ውስጥ ለአላህ እንዲተው አስተምረዋል። እኔ እንደሚገባኝ ለአስማእ የወጣው ስም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ነው። ስለ ልቧ አልፈረደም። ፍጹም ናት አላለም። የታየውን ሥራ ጠራ፣ በቃ። ልጅን ከሁሉም የምትበልጥ ናት ብሎ መካብና ዛሬ ያደረገችውን አይቶ በስሙ መጥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህ ዓይነቱ ሙገሳ ደግሞ ከአሞጋሹ ሥራ ይጠይቃል፤ ማየት አለበት። ጎበዝ ለማለት ማየት አያስፈልግም፤ ስልካችሁን እየነካካችሁም ይባላል። ልጃችሁ ፈተና ወድቃ ያው መጽሐፍ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ፣ መቀመጧን እንዳያችሁ ንገሯት። አያቷን ሐኪም ቤት አድርሳ ሰልፍ ጠብቃ ስትመለስ፣ ምን እንደጠየቀችና ማንን እንዳነጋገረች አስወርታችሁ የትኛው እንዳስደነቃችሁ ንገሯት። ማሻአላህ የምትለዋ ቃል ትቅደም፤ ግን ብቻዋን አትተዉአት።

ወደ መካ እንመለስ፤ ስሙ ወዲያው ተፈትኗልና።

ነቢዩና አቡበክር ከሄዱ በኋላ አቡጀህል ከጥቂት ሰዎች ጋር የአቡበክር ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ። አስማእ ወጣች። አባቷ የት እንዳለ ጠየቃት። እንደማታውቅ መለሰችለት። እሱም እጁን አንሥቶ በጥፊ መታት፤ ጥፊው የጆሮ ጌጧን አውልቆ ጣለው። ከዚያ በላይ ከአፏ ያገኘው ነገር የለም።

ቀጥሎ የመጣባት ግን ከጥፊው ይልቅ ጭንቅላት የሚፈልግ ነበር። አባቷ ሲወጡ ቤት ውስጥ የነበረውን ገንዘብ በሙሉ፣ አምስት ወይም ስድስት ሺህ ዲርሃም፣ ይዘው ሄደዋል። አያቷ አቡ ቁሓፋ ያኔ ገና አልሰለሙም፤ ዓይናቸውም ጠፍቷል። ልጃቸው በራሱ መሄድ ሳያንሰው ገንዘቡንም ወስዶ ልጆቹን ባዶ እጃቸውን ትቷቸዋል ብለው ተቆጥተው መጡ። አስማእ ብዙ ትቶልናል ስትል አረጋጋቻቸው። ድንጋዮች ለቀመች፤ አባቷ ገንዘብ ያስቀምጡበት በነበረው የግድግዳ መስኮት ውስጥ ደረደረች፤ ጨርቅ አለበሰችበት። ከዚያ የአያቷን እጅ ይዛ ጨርቁን አስዳሰሰቻቸው። ሽማግሌው ይህን ከተወላችሁስ ደግ አድርጓል ብለው ልባቸው ረጋ። ቤቱ ውስጥ አንድ ዲርሃም አልነበረም።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ማንም ምን ማድረግ እንዳለባት አልነገራትም። መቀነቱን እንድትሰነጥቅ አባቷ ነግረዋት ነበር፤ ድንጋዩን ግን ራሷ አሰበችው። አያቷም ስለማያውቁ ሊያሞግሷት አይችሉም። በሥራዋ ዋጋ እንዳላት የተነገራት ልጅ አጨብጫቢ በሌለበት ክፍል ውስጥም ሥራ ትሠራለች።

ከዚያ እሷም ወደ መዲና ተሰደደች፤ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ቁባእ ስትደርስ ዐብዱላህ ኢብን ዙበይርን ወለደች። ከሙሃጂሮች ቤት በመዲና የተወለደ የመጀመሪያው ልጅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተምር አላምጠው ተሕኒክ አደረጉለት፣ ዱዓም አደረጉለት። ሙሃጂሮቹ ልጅ አይወለድላቸውም የሚል ወሬ ይናፈስ ስለነበር ሙስሊሞቹ በጣም ተደሰቱ።

የመዲናው ኑሮ ቀላል አልነበረም። ስታገባው ዙበይር ከፈረሱና ውሃ ከሚያመላልስበት ግመል በቀር ሀብት አልነበረውም። አስማእ ፈረሱን ታበላለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ የውሃ መቅጃውን ቆዳ ትሰፋለች፣ ሊጥ ታቦካለች። ዳቦ መጋገር ግን አይሆንላትም ነበር፤ የሚጋግሩላት የአንሷር ጎረቤቶቿ ነበሩ። ይህን የምታወራው ራሷ ናት፤ ምንም ሳታፍር። እኛ ዘንድ እንጀራዋ ዓይን አላወጣም ተብሎ ስንት ልጅ እንደምትሸማቀቅ ሳስብ ይገርመኛል። የማይሆንላትን የማይሆንልኝ ብላ፣ ያገዟትን አመስግና አለፈች።

ከዙበይር መሬት የተምር ዘር ለቅማ በራሷ ተሸክማ ትመጣ ነበር፤ መንገዱ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዘሩን ፈጭታ ለእንስሳት ትመግበዋለች። አንድ ቀን ሸክሟን እንደያዘች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷር ሰዎች ጋር አገኘቻቸው። ጠሯት፤ ከኋላቸው አስቀምጠው ሊወስዷት ግመላቸውን ለማንበርከክ ድምፅ ሰጡ። እሷ ግን ከወንዶች ጋር መሄድ አፈረች፤ የዙበይርንም ቅናት አሰበች። ማፈሯን አይተው ምንም ሳይጫኗት አለፉ። ማታ ለዙበይር ስትነግረው፣ ከእሳቸው ጋር ከመጋለቧ ይልቅ ያንን ሸክም መሸከሟ እንደሚከብደው ነገራት።

ኑሮዋ እንዲህ ሆኖ ከቆየ በኋላ አቡበክር የፈረሱን ሥራ የሚረከብላት አገልጋይ ላኩላት። ራሷ ስትናገር አባቷ ከባርነት ነፃ ያወጧት ያህል ነበር የተሰማት። እዚህ ጋ ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። ከባድ ሸክም የተሸከመችን ልጅ ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች እያሉ ማሞገስ ቀላል ነው፤ አንዳንዴ ሸክሙ እንዳይወርድላት ማድረጊያ ይሆናል። ትልቋ ሴት ልጅ ቤቱን የምትሸከመው፣ ዓረብ ሀገር ሄዳ ወንድሞቿን የምታስተምረው፣ እንደ አንቺ ያለ ልጅ የለም እየተባለች ነው። ስንት ወር እንዳላረፈች የሚጠይቃት ግን የለም። አቡበክር ሸክሟን አይተው አንዱን አወረዱላት። እሱ ያልተጨመረበት ሙገሳ ልጅን አያጠነክርም፤ ያደክማታል።

ከሑደይቢያው ስምምነት በኋላ ገና ያልሰለመችው እናቷ ቁተይላ ልትጠይቃት መዲና መጣች። አስማእ ምን እንደምታደርግ ነቢዩን ጠየቀች፤ ዝምድናዋን እንድትቀጥል፣ እናቷን እንድታከብር ነገሯት። ባሏ ከሚሰጣት በቀር የራሷ ነገር እንደሌላት ገልጻ ስለ ሰደቃ ስትጠይቅም፣ እንድትሰጥና ቋጥራ እንዳትይዝ መከሯት። ይህን ምክር ዕድሜ ልኳን ይዛዋለች። ልጇ ዐብዱላህ ከእናቱና ከአክስቱ ከዓኢሻ የበለጠ ቸር ሴት እንዳላየ ተናግሯል። የሁለቱን አሰጣጥ ሳይቀር ለይቶ ነው የሚነግረን፤ ዓኢሻ ጥቂት በጥቂት ታጠራቅምና ሲበዛ ታከፋፍላለች፤ አስማእ ግን ለነገ የምታስተርፈው የለም። ልጁ ሲያሞግስም እንዴት እንደሚያይ ተመልከቱ። እናቱ ከተሞገሰችበት ቤት የወረሰው ይመስለኛል።

ዓመታት አለፉ። ከዙበይር ጋር ተለያይታ ከልጇ ከዐብዱላህ ጋር ኖረች። አባቷ ኸሊፋ ሆነው ሞቱ፤ እህቷ ዓኢሻም አለፈች። ሌላው ልጇ ዑርዋ ከመዲና ታላላቅ ዑለማዎች አንዱ ሆነ። የልጅ ልጇ ፋጢማ ቢንት ሙንዚርም ከእሷ የሰማችውን ሐዲስ ለትውልድ አስተላለፈች። አስማእ አረጀች፣ ዓይኗም ጠፋ።

ዐብዱላህ ኢብን ዙበይር በ64 ዓመተ ሂጅራ መካ ላይ ኸሊፋ ተብሎ ነበር። ሻም ያሉት በኑ ኡመያዎች ግን አልተቀበሉትም። ዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን የላከው ሐጃጅ ኢብን ዩሱፍ መካን ከስድስት ወር በላይ ከበባት፤ በመንጀኒቅ ድንጋይ ወረወረባት። ያኔ የሻም ወታደሮች ዐብዱላህን የሚሰድቡበት ስድብ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የባለ ሁለት መቀነቷ ልጅ ይሉት ነበር።

አሁን የመቀነቱን ነገር አስታውሱ። መቀነት የምትታጠቀው በሥራ የምትደክም ሴት ናት። የኸሊፋ እናት እንደ ቤት ሠራተኛ ናት ሊሉ ነው። ነቢዩ ባሉበት ዘመን ክብር የነበረውን ስም፣ ያንን ቀን ያላዩ ሰዎች ስድብ አደረጉት።

አስማእ ይህን ሰማች። ልጇን አስጠርታ በሁለት መቀነት እየሰደቡት እንደሆነ መስማቷን ነገረችው፤ ያ መቀነት ምን እንደነበርም ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ ዘርዝራ ነገረችው፤ የገዛ መቀነቷ ነው፣ ለሁለት ሰንጥቃው በአንዱ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የውሃ ስልቻ እንዳሰረች፣ በሌላው ስንቃቸውን። ከዚያ ወዲያ ዐብዱላህ በዚያ ስም ሲጠሩት በአላህ እየማለ አዎን ይል ነበር፤ ነውርነቱም ወደ እሱ የማይደርስ ነውር እንደሆነ ይነግራቸው ነበር።

አያችሁ፣ ስድቡን ለመመለስ ሌላ ስድብ አልፈለገችም። ቆንጆ የተባለችን ልጅ አስቀያሚ ብሎ የሚያፈርሳት ሰው ይገኛል፤ ዛሬ በየኮሜንቱ ሥር የምናየው ነው። አስማእ ግን ስሟ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ከሰባ ዓመት በፊት የሆነውን ነገር ተርካ ጨረሰች፤ ስድቡም እዚያው ሞተ።

በመጨረሻው ቀን ዐብዱላህ ወደ እናቱ ገባ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ግን ምክር ፈልጎ ወደ እናቱ መጣ። ሰዉ ሁሉ፣ ልጆቹ ሳይቀሩ፣ ትተውት ወደ ሐጃጅ እንደገቡ፣ እጁን ቢሰጥ የሚፈልገውን ዱንያ እንደሚያገኝ ነገራት። እሷም ሐቅ ላይ መሆኑን ካወቀ በዚያው እንዲጸና፣ የተነሳው ለዱንያ ከነበረ ግን ራሱንም ተከታዮቹንም እንዳጠፋ ነገረችው። ሬሳውን እንዳይቆራርጡት መስጋቱን ሲነግራት፣ በግ ከታረደ በኋላ መገፈፉ እንደማያመው መለሰችለት። ስታቅፈው እጇ የጦር ጥሩሩን ዳሰሰ፤ እሱ የሚፈልገውን የሚፈልግ ሰው እንዲህ እንደማይለብስ ነግራ አስወለቀችው። በዚያው ቀን፣ በ73 ዓመተ ሂጅራ፣ ተገደለ። ሐጃጅም አስከሬኑን ሰቀለው።

ቀጥሎ ሐጃጅ አስማእን አስጠራት። አልሄድም አለች። ካልመጣች በፀጉሯ የሚጎትታት ሰው እንደሚልክ ዛተባት። በፀጉሯ የሚጎትታት እስኪመጣ ድረስ እንደማትሄድ መለሰች። ሐጃጅ ጫማውን አጥልቆ ራሱ መጣ።

በልጇ ላይ ያደረገውን እንዴት እንዳየችው ጠየቃት። የልጇን ዱንያ እንዳበላሸበት፣ ልጇም የእሱን አኼራ እንዳበላሸበት ነገረችው። ልጇን የባለ ሁለት መቀነቷ ልጅ እያለ ይጠራው እንደነበር መስማቷን ጨመረች። አዎን፣ በአላህ እምላለሁ፣ ባለ ሁለት መቀነቷ እኔ ነኝ ስትል ነገረችው፤ በአንዱ የነቢዩንና የአባቷን ምግብ ከእንስሳት ከፍ አድርጋ ታስርበት እንደነበር፣ ሌላው ደግሞ ማንም ሴት የማትለየው መቀነት እንደነበር አስረዳችው። በመጨረሻም ከሠቂፍ ጎሳ አንድ ውሸታምና አንድ አጥፊ እንደሚወጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረዋቸው እንደነበር፣ ውሸታሙን እንዳዩት፣ አጥፊው ግን ከእሱ ሌላ ሰው እንደማይመስላት ነገረችው።

ሐጃጅ አንድ ቃል ሳይመልስ ተነሥቶ ወጣ።

አስማእ ልጇ ከተቀበረ ከጥቂት ቀናት በኋላ መካ ውስጥ አረፈች። መቶ ዓመት ሞልቷት ነበር። ልጇ ዑርዋ እንደተናገረው እስከዚያ ቀን አንድ ጥርሷ አልወለቀም፤ አእምሮዋም አልተዛባም። ረዲየሏሁ ዐንሃ።